መቀሱ ሊሄድ ያሰበበት

በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የሰው ሀብት ክፍል ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ፋይል ገልጦ ነው። ለሌላው ሁሉ ሲስተር ቆጠራ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ኦፕራሲዮን ክፍል ቆማ ለሐኪሞች መሣሪያ ስታቀብል፣ ሆድ ከመሰፋቱ በፊት ደግሞ መቀሱን፣ መቆንጠጫውን፣ መርፌውንና ደም የሚመጠጥበትን ጎዝ ስትቆጥር ኖራለች። የገባው ሁሉ ካልወጣ ሆድ አይዘጋም፤ ሕጉ ይኸው ነው። ሕጉን ሁሉም ያውቁታል፣ እሷ ግን ታምንበት ነበር።

ቅጽል ስሙ የወጣላት አንድ ጎዝ የጎደለ ቀን ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ፣ ትልቁ ዶክተር የሚባሉት፣ መርፌያቸውን ይዘው ሊሰፉ ተዘጋጅተዋል። ሆስፒታሉን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች ከመስታወቱ ወዲያ ቆመው ይጠብቋቸዋል። "ሞልቷል?" አሉ እንደ ልማዳቸው። "አልሞላም" አለች። ትልቁ ዶክተር መርፌውን አስቀመጡ። ጎዙ ሆድ ውስጥ ተፈለገ፣ ባልዲ ውስጥ ተፈለገ፣ ጠረጴዛ ሥር ተፈለገ፤ በሃምሳኛው ደቂቃ ላይ የማደንዘዣ ባለሙያው ጫማ ሥር ተጣብቆ ተገኘ። እንግዶቹ ያን ጊዜ ምሳቸውን እየበሉ ነበር። "አሁንስ?" አሉ ትልቁ ዶክተር። "ሞልቷል።" ሰፉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ "አልሞላም" ስትል የሚከራከር ሐኪም አልተገኘም፤ ስሙም እንደ ጎዙ ተጣብቆ ቀረ።

ከትልቁ ዶክተር አጠገብ ሃያ ሁለት ዓመት ቆማለች። ሴት ከባሏ ጋር እንኳ ይህን ያህል ሰዓት ትከሻ ለትከሻ አትቆምም። ምን እንደሚፈልጉ ሳይናገሩ ታውቃለች፤ እጃቸውን ሲዘረጉ መሣሪያው መዳፋቸው ላይ ጠብ ይላል። እሳቸውም ዞር ብለው አያዩም። ጥሩ አቀባይ ማለት ሐኪሙ የጠየቀውን የምትሰጥ አይደለችም፣ ሊጠይቅ ያሰበውን የምትሰጥ ናት። ይህን ለአዳዲሶቹ ነርሶች ስትነግራቸው ይጽፉታል፤ ጽፈውም ይረሱታል።

በመጨረሻ ጉልበቷ ከዳት። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆመ ጉልበት አንድ ቀን "በቃኝ" ቢል ማን ይፈርድበታል? ጡረታ ወጣች ተባለ፣ ስጦታ ተሰጣት፣ ፎቶ ተነሣች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ያው በር ላይ ነች፤ በዚህኛው ጊዜ የምትሄደው ወደ ምድር ቤቱ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ወዳለው ክፍል ነበር። ሆስፒታሉ ማሽን ገዝቷል፤ ማሽኑን ደግሞ የሚያስተምረው ሰው ያስፈልጋል።

የማሽኑ ስም በዳይሬክተሩ ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ተኩል ይወስዳል። ሠራተኛው አሳጥሮ "አማት" አላት። ሁሉን ታያለች፣ ምንም አትረሳም፣ ትተቻለች፣ ራሷ ግን እጇን አታነሣም። ሆድ በትንንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ካሜራ ሲገባ አማት አብራ ትገባለች። ስክሪኑ ላይ ጉበቱን በአረንጓዴ፣ ሐሞት ከረጢቱን በቢጫ ትከብባለች፤ በየመሣሪያው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ታስቀምጣለች። ጫፉ መነካት ወደሌለበት ነገር ከተጠጋ ትጮኻለች። ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ ደግሞ የሐኪሙ እጅ ምን ያህል የረጋ እንደነበር ከመቶ ማርክ ትሰጣለች።

ይህን ሁሉ ግን ከእናቷ ሆድ ይዛው አልወጣችም። በመጀመሪያው ሰሞን የሐኪሙን ጓንት አይታ "ሐሞት ከረጢት" ብላ ቢጫ ከብባበታለች። ልብስ አጣቢው ይህን ሰምቶ "ከእጅ አይሻል ዶማ" አለና ወደ አንሶላው ተመለሰ። ስለዚህ ሲስተር ቆጠራ ስክሪን ፊት ተቀምጣ የተቀረጹ ኦፕራሲዮኖችን ቪዲዮ ታያለች፤ ከየሰከንዱ አምስት ፎቶ ይወጣል፤ በየፎቶው ላይ የጉበቱን ዳር ዳር በማውስ ትስላለች፣ በመሣሪያው ጫፍ ላይ ነጥብ ታደርጋለች። አማት ከዚያ ትማራለች። ዘመድ "አሁን ምን እየሠራሽ ነው?" ብሎ ሲጠይቃት "ለኮምፒውተር ጉበት አሳያለሁ" ትላለች፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል።

አብራት የምትሠራው ኢንጂነር መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን "ሲስተር፣ እኛ የምንፈልገው ጫፉ የት እንዳለ ብቻ ነው" አለቻት። "ፎቶው ሲደበዝዝብዎት በግምት ያድርጉ።"

"በግምት" አለች ሲስተር ቆጠራ። ቃሉን በሕይወቷ ወዳው አታውቅም።

ቪዲዮዎቹ ላይ ስም የለም። ሐኪም አንድ፣ ሐኪም ሁለት ይላሉ፤ ፊት አይታይም፣ ድምፅ አይሰማም፣ ሆድና ብረት ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የሐኪም አራትን ከፈተች። መቆንጠጫው በግራ በኩል ገባ፤ ሥራ ሳይጀምር ጉበቱን በጎኑ ቀስ አድርጎ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገው፣ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት እንደሚያንኳኳ ጨዋ።

"እንዴት አደሩ ዶክተር" አለች ለስክሪኑ።

ኢንጂነሯ ቀና አለች። "ማንን ነው?"

"ማንንም። ሥራሽን ሥሪ።"

ትልቁ ዶክተር ነበሩ። በዚህ ምድር ላይ ጉበት አንኳኩቶ የሚገባ ሌላ ሐኪም የለም። ደስ አላት፤ የናፈቃትን ሰው መንገድ ላይ ያገኘች ያህል ደስ አላት። ከዚያ መቀሱ ገብቶ ወደ ሐሞት ከረጢቱ አንገት መጠጋት ጀመረ፣ ጫፉም ተንቀጠቀጠ።

አዲስ ነገር አልሆነባትም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የትልቁ ዶክተር ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ከሷ በቀር ያወቀ አልነበረም። መሣሪያውን መዳፋቸው ላይ ጠብ ስታደርግ ቶሎ አትለቅም ነበር፤ አንድ ትንፋሽ ያህል አብራ ትይዛለች፣ እጁ ሲረጋ ትለቃለች። ሻይ ቤት ሲቀመጡም ለሳቸው ብርጭቆውን ግማሽ ትቀዳለች። አልተነጋገሩበትም። እሳቸው አልጠየቁም፣ እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። አሁን እሷ ጡረታ ወጥታለች፤ መሣሪያውን አብሮ የሚይዝ የለም።

እንግዲህ ጥፋቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ሲሠራም ጥፋት አይመስልም ነበር። አንደኛው ፎቶ ላይ ጫፉ እዚህ ነው፣ በሚቀጥለው ትንሽ ወደዚያ ተወርውሯል፣ በሚቀጥለው ተመልሷል፣ መሀል ላይ ደብዝዟል። ሌላ ሰው ቢሆን ባየው ላይ ነጥቡን አስቀምጦ ያልፋል። ሲስተር ቆጠራ ግን ያ መቀስ ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ ታውቃለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ይኸው ነበር። እጇ ሳታዘው ነጥቡን እዚያ አስቀመጠው፤ መቀሱ የነበረበት ላይ ሳይሆን ሊሄድ ያሰበበት ላይ። አማት እየተማረች እንደሆነ አልዘነጋችም፤ ትክክለኛውን እያስተማረቻት መስሏት ነበር። በአምስት ወር ውስጥ የሐኪም አራትን አርባ አንድ ቪዲዮ እንዲህ ጨረሰች።

የሌሎቹን ግን እንዳየችው ነው ያደረገችው። በተለይ የሐኪም ሰባትን። ሐኪም ሰባት እሷ ጡረታ ከወጣች በኋላ የመጣች ናት፤ ከማንም ጋር ስለማታወራ ዶክተር ዝምታ ይሏታል። አብረው ቆመው ስለማያውቁ ሐሳቧን አታውቅላትም። እያንዳንዷን ንቅናቄ፣ የትንፋሽ ያህሏን ሳይቀር፣ ነጥብ በነጥብ መዘገበችባት።

ውጤቱ ወጣ። ዳይሬክተሩ በየሐኪሙ በር ላይ እንዲለጠፍ አዘዙ፤ ግልጽነት ነው አሉ። ትልቁ ዶክተር ዘጠና ስምንት። ዶክተር ዝምታ ሰማንያ አንድ። ትልቁ ዶክተር በዚያ ዓመት ጡረታ ሊወጡ ነበር፤ ቁጥሩን ካዩ በኋላ ሁለት ዓመት ልጨምር አሉ፣ ተጨበጨበ። ዶክተር ዝምታ ደግሞ ለሥልጠና ተላከች፤ ሥልጠናው ካርቶን ሣጥን ውስጥ በመቆንጠጫ ባቄላ መልቀም ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለቀመች። ቅሬታ አላት ወይ ተብላ ስትጠየቅ "የለኝም" አለች።

ሲስተር ቆጠራ ዘጠና ስምንቱን ስታይ ትንሽ ጎረበጣት። ትንሽ ብቻ። ከዚያ "እሳቸው በነበሩበት ዘመን መቶም ያንሳቸው ነበር" ብላ አለፈችው። ሰው ራሱን ሲሸነግል ጎበዝ ነው።

እዚህ ላይ የታናሽ እህቷ ሐሞት ጠጠር ያዘ።

ታናሽ እህቷ ወሬ የማይሰለቻት፣ ፈሪ፣ ደግ ሴት ናት። ሲስተር ቆጠራ አላገባችም፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሁለቱ በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ አንዷ ለአንዷ ተጠሪ ነች። የሆድ ቁርጠቱ ሦስቴ ከጣላት በኋላ ከረጢቱ ይውጣ ተባለ። ቀጠሮ ይዛ ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ነበር።

"እትዬ፣ ገላገሉኝ! ራሳቸው ትልቁ ዶክተር ናቸው። ሰኞ፣ አንደኛ ተረኛ!"

ሲስተር ቆጠራ የምትሠራውን ሹራብ ተወችው። "ዶክተር ዝምታ ጋ አልነበር እንዴ የተመዘገብሽው?"

"ነበር። በሯ ላይ ግን ሰማንያ አንድ ይላል። አሥራ ዘጠኙ የት ሄደ? እኔ ሆድ ውስጥ ሊቀር? እሳቸው እኮ ዘጠና ስምንት ናቸው እትዬ! አንቺ በትምህርት ዘመንሽ ዘጠና ስምንት አምጥተሽ ታውቂያለሽ?"

"የሚያወጡት ሐሞትሽን ነው። ፈተና አልተቀመጡም።"

"ማሽኑ ነው እኮ ያለው። ማሽን ደግሞ ወገን የለውም።"

ሲስተር ቆጠራ ሹራቡን ጠቅልላ ወደ መኝታዋ ገባች። ራት አልበላችም። እህቷ "ለኔ ፈርታ ነው፣ የኔ እናት" ብላ ድርሻዋን በላችላት።

በማግሥቱ ኀሙስ ጠዋት ኢንጂነሯ ስትደርስ ሲስተር ቆጠራ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ አገኘቻት። "የሐኪም አራትን አንዱን ክፈቺልኝ" አለች፤ "መጀመሪያ ነጥቡን ደብቀሽ፣ ከዚያ ከነነጥቡ።"

ነጥቡ ሲደበቅ መቆንጠጫው ገባ፣ ጉበቱን አንኳኳ፣ ወደ ፊት ሄደ፤ እየሄደም ይንቀጠቀጥ ነበር። ልብ ላላለው ትንሽ ነገር ነው። ነጥቡ ሲመለስ ሰማያዊው በመሐል ቀጥ ብሎ ተጓዘ፤ ብረቱ ግራና ቀኙን እየተወዛወዘ ተከተለው።

ኢንጂነሯ መነጽሯን ፈለገች፣ አንገቷ ላይ አገኘችው፣ አደረገችው። "ይሄን ማን ነው ምልክት ያደረገው?"

"እኔ።"

"ስንቱን?"

"አርባ አንዱንም።"

ኢንጂነሯ ቪዲዮውን አቆመች። "ሲስተር፣ አማት እኮ የተማረችው 'የዚህ ሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ አልተንቀጠቀጠም' ብላ ነው። ነገ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ጫፉ መነካት ወደሌለበት የሐሞት ቱቦ ቢወረወር አትጮህም።"

"ለምን አትጮህም?"

"አትጩሂ ያሏት እርስዎ ነዎታ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው። የአንድ ሰው ስም ላቃና ብላ እህቷን ከነሆዷ ከዚያ ብረት ሥር አስተኝታታለች። ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ክር ያላስቀረች ሴት ናት፤ አሁን ያስቀረችውን ነገር የት ገብታ እንደምታወጣው አላወቀችም።

ወደ ሦስተኛው ፎቅ በደረጃ ወጣች። አሳንሰሩ ይሠራ ነበር፤ ጉልበቷን ልትቀጣው ፈልጋ ይሆናል። በሩ ላይ ዘጠና ስምንት በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። ትልቁ ዶክተር ወረቀት እየፈረሙ ነበር፤ በግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ ጠበቅ አድርገው ይዘዋል። ስትገባ ለቀቁት።

"ሲስተር! ነይ ተቀመጪ። እህትሽን ሰኞ አንደኛ አድርጌያታለሁ፣ አታስቢ።"

በደረጃው ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ "ይቅርታ ያድርጉልኝና" የሚል ነበረው፣ "በዕድሜ ምክንያት" የሚል ነበረው። ሁሉም ጠፋባት። አፏ የሚያውቀውን ተናገረ።

"ዶክተር፣ አልሞላም።"

ትልቁ ዶክተር እስክሪብቶውን አስቀመጡ። አልገረማቸውም፣ አልተከራከሩም፤ ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ነው። "ምን ጎደለ?" አሉ።

ነገረቻቸው። ስለ ነጥቡ፣ ስለ አርባ አንዱ፣ መሣሪያውን አብራ ትይዝ ስለነበረው ትንፋሽ ነገረቻቸው። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሰው መኪና ያቆማል፤ ሌላው "ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!" ይላል። ስትጨርስ መኪናው ገና አልቆመም ነበር።

"እጄን የማላውቀው መሰለሽ?" አሉ በመጨረሻ። "ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ ሚስቴ ናት። የስንብት ደብዳቤዬን ጽፌ ነበር፤ ይኸው መሳቢያ ውስጥ ነው። ከዚያ ይሄ ቁጥር መጣ። 'ለካ ቁልፍ ላይ ነው እንጂ ሆድ ውስጥ ሲገባ ይረጋል' አልኩ። ማሽን አይዋሽም አልኩ። ሰው የሚወደውን ሲነግሩት ማስረጃ አይጠይቅም።"

"አማት አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

"ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ከፈትኩ?"

"አሥራ ስድስት" አለች። ቆጥራ ነው የመጣችው። "ካርዳቸውን አይቻለሁ። ሁሉም ደህና ናቸው።"

"በዕድል ነው ደህና የሆኑት።"

"አዎ። በዕድል።"

ያን ጊዜ ተቆጡ። ድምፃቸውን ሳያነሡ ነው የሚቆጡት፣ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። "እንግዶች በመስታወት እያዩኝ ለአንድ ጎዝ 'አልሞላም' ያልሽኝ ሴት! ያኔ አልፈራሽኝም። ይሄንን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያኛው ጎዝ ነበር" አለች፤ ዕንባዋ መጣ። "ይሄ እርስዎ ነዎት።"

ትልቁ ዶክተር ወደ መስኮቱ ዞሩ። መኪናው ቆሟል። "ምድር ቤት ቅዳሜ ክፍት ነው?" አሉ።

ቅዳሜና እሑድ ሦስቱም ከስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ኢንጂነሯ ከየቪዲዮው ሃያ ሰከንድ መረጠች፤ የቀረውን በሁለት ወር ውስጥ እናርመዋለን፣ እስከዚያ አማት ኦፕራሲዮን ክፍል አትገባም አለች። ሲስተር ቆጠራ ማውሱን ያዘች። ትልቁ ዶክተር ከጎኗ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ በዚህኛው ጊዜ የምትሠራው እሷ ናት፣ የሚያቀብሉት እሳቸው።

"እዚህ ጋ" ይላሉ። "አይደለም፣ አዘንሽልኝ። ወደ ግራ።"

"ደብዝዟል እኮ ዶክተር።"

"የደበዘዘው ስለተንቀጠቀጠ ነው። ወደ ግራ አድርጊው።"

ለራሳቸው ምሕረት አልነበራቸውም። አንዳንዴ እሷ ነጥቡን ሳታስቀምጥ ትቆያለች፤ እጇ በልማዱ ወደ መሐል ይሳባል። ያን ጊዜ ምንም ሳይሉ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ ጣቱም ይንቀጠቀጣል፣ ነጥቡ ግን ትክክል ይሆናል። ከግድግዳው ወዲያ የልብስ ማጠቢያው ሲሽከረከር ጠረጴዛው ሁሉ ይነዝራል፤ አንዴ ትልቁ ዶክተር "ይሄኛው እንኳ እኔ አይደለሁም" አሉ፣ ኢንጂነሯ መሳቅ አለመሳቋን መወሰን አቅቷት መነጽሯን ጠረገች።

እሑድ ከሰዓት አዲሱ ውጤት ወጣ። ስልሳ አንድ።

ትልቁ ዶክተር ወረቀቱን ራሳቸው አትመው ሦስተኛ ፎቅ ወጡ፤ ዘጠና ስምንቱን ላጡ። አዲሱን ሊለጥፉ ሲሉ ፕላስተሩ ጣታቸው ላይ ተጠመጠመ። ሌላ ቆረጡ፣ እሱም ተጠመጠመ። ሲስተር ቆጠራ እጆቿን አጣምራ ቆማ አየች፤ ልታግዝ ዳድቷት ነበር፣ ግን አላገዘችም። በሦስተኛው ተለጠፈ፤ ትንሽ ጠማማ ነው።

ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጻፈች። ዳይሬክተሩ "ቴክኒካዊ ስህተት" ብንለው ይሻላል አሉ፤ እሷ "ጥፋቱ የኔ ነው" የሚለውን አልሰርዝም አለች፤ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ተመራ። ዶክተር ዝምታንም ፈልጋ አግኝታ ይቅርታ ጠየቀቻት። ያንቺን እንዳየሁት ጻፍኩ፣ የሳቸውን እንደምመኘው ጻፍኩ፤ በዚህ ምክንያት ባቄላ ለቀምሽ አለቻት። ዶክተር ዝምታ፣ "ባቄላው አልከፋም" አለች። ለሷ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

እህቷ ግን ቤቱን አናወጠችው።

"ስልሳ አንድ? ረቡዕ ዘጠና ስምንት አልነበሩም? ሰው በአራት ቀን እንዲህ ይወድቃል?"

"እሳቸው አልወደቁም። እኔ ነበርኩ ያንጠለጠልኳቸው።"

ሁሉን ነገረቻት። እህቷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወሬ ሳታቋርጥ አዳመጠች። ከዚያ ጥፍሯን እያየች "እና ዝምተኛዋ ሰማንያ አንድ… እሱ እውነተኛ ነው?" አለች።

"ከሁለቱ እውነተኛው እሱ ነው። እያንዳንዱን ነጥብ በእጄ ነው ያስቀመጥኩት።"

"እንግዲያው እሷ ትክፈተኝ" አለች እህቷ፤ ቀጥላም አለቀሰች፣ ቀጥላም ምን ዓይነት ጫማ ይዤ ልሂድ አለች።

ሰኞ ጠዋት ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሲስተር ቆጠራ ለብቻዋ ተቀመጠች። ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያ በር ወዲያ ነበረች፤ ከወዲህ ምን እንደሚመስል አታውቅም ነበር። ወንበሩ ቆርቋሪ ነው። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ነው፣ እሱም የሚያየው የለም ብሎ የሚያዘግም ይመስላል። ውስጥ ያለው አማት የሌለበት ኦፕራሲዮን ነው፤ ዶክተር ዝምታ፣ አንዲት አቀባይ፣ አራት ዓይን። በሆዷ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ታቀብላለች፤ አሁን መቆንጠጫ፣ አሁን ክሊፕ፣ አሁን መቀስ። ፈርታ ነበር። እንደዚህ ፈርታ አታውቅም።

ትልቁ ዶክተር በኮሪደሩ መጡ። ነጭ ካፖርት አልለበሱም፤ ኮት ነው ያደረጉት፣ የሸሚዛቸው ቁልፎች በሥነ ሥርዓት ተቆልፈዋል። "ደብዳቤውን ሰጠሁ" አሉና አጠገቧ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። ተንቀጠቀጠ። በግራው አልያዙትም።

ሲስተር ቆጠራ ከቦርሳዋ ፔርሙዝ አወጣች። ለራሷ ሻይ ሞልታ ቀዳች፣ ለሳቸው ግማሽ።

ብርጭቆውን አዩት። "ለምንድነው ግማሽ?"

ሁለት ዓመት ያልተጠየቀችው ጥያቄ ነው። "ሙሉ ከሆነ ይፈስብዎታል" አለች።

ትልቁ ዶክተር ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው አሰቡ። "ያኔም ለዚህ ነበር?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ።"

"እኔ ደግሞ ለሚስቴ 'ሻይ ትሰስታለች' እያልኩ ሳማሽ ነው የኖርኩት።"

ሳቀች። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ወንበር ላይ ሳቋ ራሷን አስደነገጣት። እሳቸውም ሳቁ፣ ሻዩ ተናወጠ፣ ግን ግማሽ ስለሆነ አልፈሰሰም።

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ዝምታ ኮፍያዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ ሁለቱም ማንም ሳያስጠናቸው አንድ ቃል ጠየቁ።

"ሞልቷል?"

ዶክተር ዝምታ አንዱን አየች፣ ሌላዋን አየች። "ሞልቷል" አለች። "ደህና ናት። ጫማዬ የት አለ እያለች ነው።"

ገብታ በሩን ዘጋችው። ሲስተር ቆጠራ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ሳትደብቅ አለቀሰች። ትልቁ ዶክተር አጠገቧ ሆነው ጠበቋት። ሲበቃት ባዶ ብርጭቆአቸውን ዘረጉላት።

"ድገሚኝ" አሉ። "ግማሽ።"